አይቀሬ ማንን ትጠራለች

ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ ነዋሪው በየኮንዶሚኒየሙ ሲበተን እድሩ ግን አልተበተነም። ሰው የትም ሄዶ ቢኖር የሚሸኘው በድሮ ጎረቤቶቹ ነው ብለው አባላቱ ተረባረቡና አንዲት ነጭ ቫን ገዙ፤ የኋላ ወንበሮቿን አስነቅለው የሬሳ መኪና አደረጓት። ስሟን አይቀሬ አሏት። ስሙን ያወጣው ሾፌሩ ገብረአብ ነው ይባላል፤ እሱ ይክዳል። መካዱም ደግ ነው፤ በስሙ ከሳቁት ሽማግሌዎች ሁለቱ በዚያው ወር ተሳፍረውባታል።

አይቀሬ ዓመት ከመንፈቅ አፏን ዘግታ ሠራች። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ግን፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው የፈቀደ ሚስት የሺዓለም የተቀበረች ዕለት፣ ነገር መጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ደርሰው ገብረአብ የኋላውን በር ሊከፍት ሲል በሩ ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። በቁልፍ ከፈተው፤ እጁን ከመያዣው ሳያነሳ እንደገና ቀጭ አለ። ካህናቱ ጥላ ዘርግተው ቆመው፣ ለቀስተኛው በዝናብ እየራሰ፣ ሬሳው ውስጥ እንዳለ ሩብ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ በሩ በራሱ ጊዜ ተላቀቀ። ያን ጊዜ ክላክሷ ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ መሪው ላይ ማንም አልነበረም።

ከለቀስተኛው መሐል አንዲት ሴት ቀስ ብላ፣ ግን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ “አልወርድም አለች” አለች።

ያቺን ቃል ማን እንደወረወራት እስከ ዛሬ አልታወቀም። ቃሏ ግን ለቀስተኛው ከመመለሱ በፊት ፒያሳ ገብታ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አይቀሬ አመል አወጣች። ጎህ ሊቀድ ሲል፣ ከእድሩ ዕቃ ቤት አጠገብ በቆመችበት፣ ቁልፏ በገብረአብ ኪስ ውስጥ እያለ ትጮኻለች። አንዳንድ ቀን ሦስት አጭር፣ አንዳንድ ቀን አንድ ረጅም። ፀሐይ በወጣበት ቀን የፊት መስታወቷን በደረቁ ትጠርጋለች። ገብረአብ ሾፌር ከመሆኑ በፊት የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ነበርና መጀመሪያ ላይ ቀለደ፦ ሃያ ሁለት ዓመት የነፋሁትን ሥራ ወሰደችብኝ፣ ልዩነታችን እኔ የሞተውን ሰው ስም እናገራለሁ፣ እሷ ገና አልነገረችንም፣ እያለ። ሳምንት ሳይሞላው ቀልዱን ተወው። ሰዉ ስሙን ራሱ አግኝቶለት ነበርና፤ የሺዓለም ባሏን እየጠራች ነው ተባለ።

ፈቀደ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ያደገው እዚያው ዶሮ ማነቂያ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መተላለፊያ ውስጥ ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ሰለቸው፤ ውቤ በረሃ ቡና ቤቶች ውስጥ ሳንቲም የሚጎርሰው የሙዚቃ ማጫወቻ በተበላሸ ቁጥር ከጀርባው እየገባ፣ ሽቦ በሽቦ እየፈታ፣ የኤሌክትሪክን ጠባይ ለብቻው ተማረ። ከዚያ ወደ መኪና ዞረ። አርባ ዓመት ፍሬቻና ክላክስ፣ ዲናሞና ሞተሪኖ ሲጠግን ኖረ። ይኸው ጣቶቹ ጠቁረው በሎሚም አይለቁም። ወሬ አይችልም። ቤታቸው ውስጥ ለሁለቱም የምትናገረው የሺዓለም ነበረች።

እሷ ደግሞ ምላሷ ምላጭ ነው። ሐሜት አትወድም፤ የምትለውን ፊት ለፊት ትላለች። አንድ ጊዜ በእድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ተነስታ ሰብሳቢውን፣ “ጋሽ አርአያ፣ ለንፍሮ ሲሆን ይቀድማሉ፣ ጉድጓድ ሲቆፈር ወገብዎን ያምዎታል” ብላቸው ነበር። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲሞቱ ይለቀስላቸዋል፤ ለቅሶው ሲያልቅ ግን በሕይወት እያሉ መልስ የጠፋው ሁሉ መልሱን ይዞ ይመጣል። ሳትናዘዝ ነው የሞተችው ተባለ። የተቆጣችው ሰው አለ ተባለ። መሬትም አልተቀበላትም ያለ አለ። በመጨረሻም የባሰው መጣ፦ ነፍሷ ያላረፈች ሴት ተዝካር ላይ እህል አይቀመስም።

አርባዋ የሚወጣው ነሐሴ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ቀን ነው። ፈቀደን ያስፈራው ክላክሱ አልነበረም፤ ያስፈራው ባዶ ድንኳን ነው። ካገባት ወዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ድግስ ስትሠራ የኖረች ሴት፣ በራሷ አርባ ድስቷ ሳይጎድል ከቀረ ስሟ ለዘላለም ያው ነው።

ይህን ሁሉ ወሬ ትኩስ ትኩሱን የምታመጣለት አስካለ ናት። አስካለ የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ፣ የየሺዓለምም የልብ ጓደኛ ነበረች። በሞተች ሰዓት ዓይኗን የከደነችው እሷ ናት። ወሬውን ስትነግረው ታለቅሳለች፤ ማን እንዳለ፣ ለማን እንዳለ፣ የት ቆሞ እንዳለ ግን እያለቀሰችም አትዘልም።

አርባው ስድስት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ፣ እድሩ ተሰበሰበ። አቶ አርአያ አይቀሬ ትሸጥ አሉ። ፈቀደ ተነስቶ፣ እጁን የት እንደሚያኖረው ጠፍቶት፣ የኤሌክትሪክ ብልሽት ነው፣ እስከ ቅዳሜ ጊዜ ስጡኝ አለ።

“ፈቀደ፣” አሉት አርአያ፣ “የምትጠግነው መኪናዋን ነው ሴትዮዋን?”

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ከውጭ አይቀሬ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጋ ጮኸች። ጠራራ ቀን ነበር። ጊዜው ያለ ክርክር ተሰጠው።

ሰኞ ጠዋት ፈቀደ የዕቃ ሳጥኑን ይዞ ወረደ። ሌሊቱን የዘነበው አባርቶ ጉም መሬት ላይ ተኝቷል። ሰፈሩ የነበረበት ሜዳ ላይ የየቤቱ ወለል ገና አልተነሳም ነበር፤ እዚህ የአንዱ ሳሎን ሲሚንቶ፣ እዚያ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የግድግዳ ቁራጭ። እርምጃውን ከዕቃ ቤቱ ጥግ ጀምሮ ለካ፤ ሳያስበው ነው የለካው። አይቀሬ የቆመችው የእሱና የየሺዓለም ደጃፍ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ገብረአብን ለምን እዚህ እንደሚያቆማት ሲጠይቀው፣ ሌላ ቦታ ባቆማት ጠዋት ሞተሯ አልነሳም እንደሚለው ነገረው።

ፈቀደ ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪውን በቴስተር ለካ፤ ደክሟል፣ አልሞተም። የክላክሱን መጫኛ ከመሪው ላይ ፈትቶ ሽቦውን ነቀለና ቆሞ ጠበቀ። ጮኸች። እንግዲያው ጥፋቱ ከመጫኛው አይደለም። ክላክሱን የሚያገናኘውን ሪሌ በአዲስ ለወጠ። ትንሽ ቆይታ ጮኸች። እስከ እኩለ ቀን ሽቦ እየተከተለ፣ ማሳ የሚሉትን ከመኪናዋ ብረት ጋር የሚታሰረውን ገመድ ጠረገ፣ ፊውዝ በፊውዝ አየ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነበት። ገብረአብ ምሳዬን ብሎ ሄደ፤ ሲሄድ ወደኋላ እያየ ነው።

ፈቀደ የኋላውን በር ቁልፍ ሊያይ ሬሳው የሚቀመጥበት ወለል ላይ ወጣ። ተንበርክኮ መፍቻውን ሳያነሳ ከጀርባው ቀጭ አለ። ቀጥሎ ከጎኑ። ቀጥሎ ሁለቱ የፊት በሮች፣ አንድ በአንድ፣ ሰው እየዞረ የሚዘጋቸው ይመስል። ከራሱ በላይ ያለው መብራት በዝግታ በራ፣ በዝግታ ደበዘዘ፣ እንደገና በራ፤ የተኛ ሰው ደረት እንደሚነሳና እንደሚወርድ። ከፊት የመስታወት መጥረጊያው ደረቁን መስታወት እየፋቀ ሄደ፣ ተመለሰ። መስታወቶቹ በትንፋሽ ጉም መልበስ ጀመሩ። ፈቀደ የራሴ ትንፋሽ ነው አለ በልቡ። ትንፋሹን ያዘ። መስታወቱ ጉም መልበሱን አላቆመም።

“የሺ፣” አለ።

ሁሉም ዝም አለ። ከዚያ አንዲት አጭር ጩኸት፣ ወጥ ቤት ሆና ሲጠሯት “አቤት” እንደምትለው።

ልቡ አልፈራም። “የምትፈልጊኝ ከሆነ በአማርኛ ንገሪኝ፤ እኔ የክላክስ ቋንቋ አላውቅም” አላት። ይህን ብሎ ሲያበቃ አራቱም በሮች ባንድ ላይ ተከፈቱ።

ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለአንድ ሰው ብቻ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተናገረ፣ ያም ሰው እንዴት እንደያዘው ይኸው እያያችሁ ነው።

ከሰዓት በኋላ የመኪና ብልሽት የሚያነብ ስካነር ተውሶ ከመሪው ሥር ሰካው። ሞተሩ መለሰ፣ ፍሬኑ መለሰ፤ አንዱ ብቻ ጥሪ አልቀበልም አለ። በዘመኑ መኪና ውስጥ መብራቱንም፣ ክላክሱንም፣ የበሩን ቁልፍም፣ መጥረጊያውንም የሚያዝዝ የመጽሐፍ መጠን ያለው ጥቁር ዕቃ አለ፤ ጋራዥ ውስጥ ቢሲኤም ይሉታል። እሱ ሲታመም መኪናዋ በሙሉ ትቃዣለች። ፈቀደ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ፣ ከመሪው ፊት ካለው ክሩስኮት በስተግራ ሥር ያለውን ክዳን ሲያወልቅ የእጁ አንጓ ላይ ውኃ ጠብ አለበት። ቢሲኤሙን ስቦ አወጣ። መሰኪያው አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። ሲከፍተው ውስጡ ተበልቷል፤ በዝገቱ ላይ ደግሞ እንደ ዱቄት የላመ ግራጫ ነገር ተኝቷል።

በጣቱ ነካው። አሸተተው። የዝናብ ውኃ ዝገት ያመጣል፣ እመት ግን አያመጣም። ይህ ከጸበል ጋር የሚበጠበጠው የቤተ ክርስቲያን እመት ነው። ቀና ብሎ አየ፦ ክሩስኮቱ ላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ተለጥፏል፤ ከሥዕሉ በታች ያለው ፕላስቲክ ነጭ መስመር በመስመር ሆኖ፣ መስመሮቹ ወደ መስታወቱ ሥር ወዳለው ክፍተት ይወርዳሉ፤ ከክፍተቱ ሥር ቢሲኤሙ ነው። ዓመት ከመንፈቅ፣ ከየቀብሩ በኋላ፣ አንድ ሰው መኪናዋን ጸበል ሲረጫት ኖሯል። የሺዓለም ከሞተች ወዲህማ ሲያጥባት ነው የከረመው። እርጥበቱ ሌሊት በብርድ ጠል ሆኖ የኤሌክትሪክ መስመሮቹን ያገናኛቸዋል፤ ጎህ ላይ ትጮኻለች። ስትጮህ ጸበል ይጨመርላታል። ጸበል ሲጨመርላት ትብሳለች።

የዕቃ ቤቱ ቁልፍና የአይቀሬ ትርፍ ቁልፍ በአንድ ቀለበት ላይ ናቸው፤ ቀለበቱ የሚያድረው አስካለ ዘንድ ነው።

የታመመውን ቢሲኤም ቤቱ ወስዶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ የድሮው ሲፈርስ የተከራዩት፣ እዚያው ዳር ካልተነኩት ቤቶች አንዱ ነው። ማክሰኞ ጎህ ሊቀድ ሲል ሦስት አጭር ጩኸት ቀሰቀሰው። የባትሪው ገመድ ተነቅሏል፤ አዛዡ ዕቃ አልጋው አጠገብ ተከፍቶ ተኝቷል። መንገድ ላይ ብዙ መኪና አለ አለ ለራሱ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ። ጠዋት ገብረአብ ፊቱ ገርጥቶ መጣ።

“ሰማህ?”

“ባትሪዋ እኮ ተነቅሏል።”

“እኔ የጠየቅሁህ እሱን አይደለም” አለው ገብረአብ።

ፈቀደ ጫማውን ማሰር ቀጠለ።

በዚያው ቀን የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርዶ፣ ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር ፊደል በፊደል የሚገጥም ያገለገለ ቢሲኤም ከተጋጨ ቫን ላይ የተፈታ አገኘ። ዕቃው ግን እንደ አምፖል ተሰክቶ የሚሠራ አይደለም፤ የመኪናዋን ቁልፎችና ጠባይ ማወቅ አለበት። ለዚህ ረቡዕ ኤዶምን ይዞ መጣ። ኤዶም ፒያሳ የመኪና ቁልፍና ኮምፒውተር የምትሠራ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ላፕቶፗን እንደ ሕፃን የምታቅፍ ሴት ናት። አሮጌው ቢበላም ማስታወሻው የተጻፈበት ክፍል ተርፏል አለች። ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀች።

“ጋሼ፣ የአሮጌውን ማስታወሻ ወደዚህኛው ላሻግረው?”

ገብረአብ ከቆመበት ሁለት እርምጃ ወደኋላ አለ። እንዳታደርጉት አለ፤ እሷንስ ብታሻግሯት? ባዶውን ግጠሙትና ትረፍ አለ። ኤዶም ማስታወሻው ካልተሻገረ አይቀሬ ቁልፏን አታውቅም፣ ሞተሯም አይነሳም ብላ አስረዳችው። “ደግሞ ነፍስ የሚል ፋይል እስካሁን አላየሁም፣ ካገኘሁ እጠራዎታለሁ” አለችው።

ለፈቀደ ባዶ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ለወሬውም ለእንቅልፉም። ሠላሳ አንድ ዓመትን ግን ባዶ አድርጊው ማለት አፉ አልታዘዝለት አለ።

“አሻግሪው፣ ልጄ” አላት።

ሲሻገር ሦስቱም ላፕቶፑን እያዩ ቆሙ። ከማለቁ በፊት መስመሩ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ኤዶም ራሷ ቀልዷን ረሳች። ገብረአብ አማተበ። መስመሩ ተንቀሳቀሰና አለቀ። ፈቀደ ከክፍተቱ በላይ ጎማ ለጥፎ፣ ሥዕሉን ከፍ ወዳለ ደረቅ ቦታ አንስቶ፣ አዲሱን ዕቃ ገጠመ። በሮቹ ታዘዙ። ክላክሱ ሲጫኑት ብቻ ጮኸ። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ፈቀደ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ዝም። ዝምታው ከጩኸቱ የበለጠ ጆሮ የሚበላ ሆኖ አገኘው።

ተጠግኖ አለቀ ብሎ ነበር፤ ወሬ ግን ፊውዝ የለውም። ሐሙስ ከሰዓት አስካለ እያለቀሰች መጣች። አሁን ደግሞ፣ ባሏ በሽቦ አሰራት፣ አፏን ቆለፈባት፣ የታሰረች ነፍስ ተዝካር ላይ የተቀመጠማ አብሮ ይታሰራል እየተባለ ነው አለችው። እንመጣለን ብለው የነበሩ ሦስት ቤቶች እንኳን ቀርተዋል።

ፈቀደ የተከፈተውን ቢሲኤም አንስቶ ፊቷ አኖረላት። አስካለ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ግራጫውን በጣቷ ነካች፣ አሸተተች፤ እጇ እዚያው ቀረ።

“እኔ ነኝ?” አለች።

“ውኃና ኤሌክትሪክ አይዋደዱም፣ አስኩ።”

“ሰኞ ነው ያወቅኸው። ለምን ዝም አልከኝ?”

“ምን ልበልሽ? ለእሷ ብለሽ ነው።”

በእድር ፊት ቢናገር ሚስቱ ነፃ እንደምትወጣ ያውቅ ነበር፤ አርአያም የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከአስካለ እጅ እንደሚቀሙ ያውቅ ነበር። የየሺዓለምን ዓይን የከደነ እጅ ነው። አፉ አልሄደለትም። አስካለ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

በቀጥታ የሄደችው ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ጧፍና ሻማ ወደምትሸጠው ወደ ዓለምጸሃይ ነው። ዓለምጸሃይ ዘንድ የገባ ወሬ ባቡሩን ይቀድማል። አስካለ ጆሮዋ ላይ ተጠግታ፣ መኪናዋን በጸበል ያበላሸኋት እኔ ነኝ፣ የሺዓለም ምንም የለባትም፣ አደራ ለማንም እንዳትነግሪ አለቻት። ከዚያ ለሌሎች ሁለት አፈ ሰፊዎች እንዲሁ፣ በየተራ፣ በምስጢር፣ አደራ እያለች ነገረቻቸው። ስብሰባ ላይ በአደባባይ የተነገረ ነገር ማን ያምናል? በምስጢር የተነገረን ግን ሁሉም ያምናል። የሰፈሩን ሰው ጠባይ ከአስካለ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የሺዓለምን ያማውንም ሰው ወሬ ስታመላልስ የከረመች እሷው ናትና። ዓርብ ጠዋት አርአያ ሰምተው ቁልፉን ወሰዱባት። በቀለበቱ እንዳለ አውጥታ ሰጠቻቸው።

ቅዳሜ ድንኳኑ ተተከለ። ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው፣ በልተው፣ መርቀው ሄዱ። አግዳሚዎቹ ባዶ ነበሩ። አራት ሰዓት ሆነ። ዝናብ ሸራውን መምታት ጀመረ። ፈቀደ በሩ ላይ ቆሞ ጉሙ የሚንቀሳቀስበትን ሜዳ ያያል፤ ከጉሙ ውስጥ ማንም አይወጣም። ድስቶቹ ከካህናቱ በኋላ እንደተከደኑ ናቸው። አስካለ ጥግ ላይ መጨለፊያ ይዛ ቆማ አታየውም።

ከዚያ አንድ ጥቁር ጥላ ከጉሙ ወጣ። ዓለምጸሃይ ናት። ነፍስ ይማር ብላ ገባች፣ መሐል ላይ ተቀመጠች፣ ያቀረቡላትን ቆርሳ ጎረሰች። እስክትውጥ ድረስ ፈቀደ አልተነፈሰም። ከኋላዋ ሁለት ጥላ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ታክሲ ተሳፍረው ከየኮንዶሚኒየሙ የመጡት በአንድ ላይ ገቡ። እያንዳንዱ ሲያልፍ አስካለን በነገር ይነካካታል። አንዷ፣ “ወጡ ላይ ደግሞ እንዳትረጪብን” አለቻት። አስካለ አንገቷን ደፍታ እየጨለፈች ጨመረችላት። ገብረአብ ዝናብ ላይ ቆሞ ገቢውን ይቆጣጠራል፤ የማይገባ ሰው ካለ ጡሩምባዬን አመጣለሁ ይላል።

አርአያ በመጨረሻ መጡ። ፈቀደ ራሱ አቀረበላቸው። ሳይናገሩ በሉ፤ በልተው ሳህናቸውን ወደፊት ገፉት፣ ይጨመር ማለታቸው ነው። ሊጨመርላቸው ሲል ከጓዳ፣ ሳህን አለቀ፣ ሃያ ሰው ቆሟል የሚል ድምፅ መጣ። ትርፉ ሳህን ያለው ዕቃ ቤት ነው። አርአያ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ተነሱ፤ በር ላይ ደርሰው ቆሙ፤ ከሠላሳው ሣጥን ሳህኑ የትኛው ውስጥ እንዳለ አያውቁም። ዞር ዞር አሉ። ከዚያ ማንንም ሳያዩ እጃቸውን ወደ አስካለ ዘረጉ።

አስካለ ቀለበቱን ተቀብላ መጨለፊያዋን ለፈቀደ ሰጠችውና ወደ ዝናቡ ሮጠች። ፈቀደ ከድስቱ ላይ ሆኖ ተከተላት በዓይኑ። ወደ ዕቃ ቤቱ የሚያስኬደው አጭሩ መንገድ በአይቀሬ ጎን ነው። እሷ ግን በዚያ አላለፈችም፤ ዓይኗን ከመኪናዋ ሳትነቅል ሜዳውን ዞራ ሄደች።